በልጃቸው ፋንታ የመለሱት አባት

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ለልጃቸው ወፍራም ካልሲ ሊገዙ የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወርዱ፣ እላይኛው ፎቅ የምትሠራው ነርስ፣ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ድንገት አገኘቻቸው። ልጃቸው እንዴት እንደሆነች ጠየቀቻቸው። ከሕፃንነቷ የተጣመመውን አከርካሪዋን ሐኪሞቹ ትናንት በብረት ደግፈው እንዳቃኑላት ነገሯት፤ ደህና ናት፣ ግራ እግሯን ብቻ ስለቀዘቀዛት ካልሲ ይበቃታል አሉ።

ነርሷ ግን የእግሯ መቀዝቀዝ አሳስቧት አልለቀቀቻቸውም። ሰውየውም መደበቁን መቀጠል አልቻሉምና ተናዘዙ፦ ትናንት ስትነቃ ጣቶቿን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን እግሬ ደነዘዘ፣ ጣቶቼ እንቢ አሉኝ ብላቸዋለች። ሐኪሙ ሲጠይቁ «ደህና ናት፣ ተመስገን» ብለው የመለሱት እሳቸው ናቸው። ተረኛዋ ነርስ እግሯን ልታይ ስትመጣም ገና አሁን ማሸለቧ ነው፣ አትቀስቅሺብኝ ብለው መልሰዋታል። አይ አባት! ከፍቅሩ ብዛት ልጁን ገደል አፋፍ ላይ ያስተኛል።

«አባባ፣ አሁኑኑ ለሐኪሞቹ ይንገሯቸው።»

«ልጄ፣ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ቆመው ለፉላት። በማግስቱ ይህ ጎደለ ብል ነውር አይደለም? ደግሞስ መልሰው ቢከፍቷት?»

«እርስዎ ኮት ሰፍተው፣ ደንበኛው ብብቱ ስር እየጠበበው እጅዎ ይባረክ ብሎ ቢሄድ ደስ ይልዎታል?»

«አይለኝም። ኮት ግን ይተረተራል።»

«እሷም በጊዜው ከሆነ ትድናለች። ጀርባ ሲቃና ነርቭ ሊወጠር፣ ብረትም ሊጫነው ይችላል። ሐኪሞቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው ደጋግመው የሚጠይቁት። ከዘገየ ግን እግሯ ዝሎ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ይሉኝታዎ ምን ይረባታል?»

የካልሲውን ነገር ትተው ዞሩ። ደረጃውን መልሰው ወጡ። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አግኝተው፣ «ዶክተር፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። የልጄ እግር አይንቀሳቀስም» አሉ።

ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ሽማግሌውን ይበልጥ ያስፈራቸው ይኸው ነው። ወዲያው ገብተው ልጅቱን ጣቶችሽን አንሺ አሏት፤ ንቅንቅ አላሉም። በምርመራ ብረቱን ከያዙት ብሎኖች አንዱ ነርቩን ተጭኖ ተገኘ። ልጅቱ ተመልሳ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች፤ አባትየው በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ሲረግሙ ዋሉ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጥተው እንዴት አደረች አሉ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እግሬን ያቃጥለኛል» አለች፤ አውራ ጣቷንም በመከራ ነቅነቅ አደረገች።

ሐኪሙ መንገዱ ገና ረጅም ነው፣ ግን ነርቩ እየነቃ ይመስላል አሉ። ሕመምን በጊዜው መናገር ለሐኪም ስድብ አይደለም፤ መንገድ ማሳየት ነው፤ እግርም የሚያተርፈው እሱ ነው። ሽማግሌው ያን ቀን ልጃቸው አመመኝ ባለች ቁጥር በደስታ ያለቅሱ ነበር።