ሰኞ ሰኞ የሚጣበቁት ማብሪያዎች

ጋሼ፣ ዛሬ በመሸኛዎ ማይኩ በእኔ እጅ ነው፤ "ነገር ቀንሺ" ቢሉኝ አልሰማም! በቤተ ሙከራችን፣ አቧራ በማይገባበት ንጹህ ክፍል በር ላይ ቱታና ጭንብል ሳድል ሃያ ዓመት ዝም አሰኝተውኛል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን በአንድ እጅዎ ካርቶን ሙሉ ፕላስተር፣ በሌላው ጥቁር ድንጋይ ይዘው ነበር። ዕቃ አሻጊ የተቀጠረ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ፕላስተሩን ድንጋዩ ላይ ለጠፍ፣ ላጥ፤ ለጠፍ፣ ላጥ! ጥበቃውን "ሰውዬው ጤነኛ ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ዶክተር ነው አሉ" አለኝ። "እንግዲያው ራሱን ያክም" አልኩት።

ግራፊን የሚባለውን ነው ለካ የሚልጡት፤ እርሳስ ከሚሠራበት ድንጋይ ተልጦ ተልጦ መጨረሻ የሚቀረውን፣ ከዚያ ወዲያ የማይሳሳውን። ጋሼ ከሱ ዓይን የማያየው ድልድይ ሠርተው ማብሪያ ማጥፊያ አደረጉት። ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ጎንበስ ብሎ ይነካል፣ ሲያቋርጡበት ቀና ይላል። ልመናቸውን ያልሰማ አለ? "ውረድ የኔ ጌታ... ተነስ እንጂ! ምን አደረግኩህ?" እትዬ፣ አይሳቁ፣ ባለቤትዎ እርስዎንም እንዲህ አባብለው ያውቃሉ? ጋሼ የፀጉር መሸፈኛውን እንዳጠለቁ አውቶቡስ የተሳፈሩበትንማ ሾፌሩ ይንገራችሁ።

አሁን ግን ማንም የማያውቀውን ልናገር።

ማብሪያው ጎንበስ ብሎ አልነሳ ያለበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሦስት ወር ሙሉ! ገምጋሚዎች ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ሥራው ሊዘጋ ነው ተብሎ የሁላችንም ፊት ጠቁሯል። ጋሼ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ፣ የሚጣበቀው ሰኞ ሰኞ ሆኖ አገኙት። በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ ማለዳ እኔ ያለሁበት በር ላይ ቆመው ማሽተት ጀመሩ።

"እህቴ፣ ይኼ ምንድነው የሚሸተኝ?"

"የቱታ መደርደሪያው ማወልወያ ቅባት ነዋ። እንግዶች ይመጣሉ ሲባል ቅዳሜ ቅዳሜ መቀባት ጀመርኩ። አያምርም?"

አግዳሚው ወንበር ላይ ዝርፍጥ አሉ። የቅባቱ ትነት ከየቱታው ጋር እየገባ ድልድዩን ያጣብቀው ኖሯል። ያን ሁሉ ድካም ያበላሸሁት እኔ፤ ያውም ላሳምር ብዬ! ሁለት ልጆቼ ዓይኔ ላይ ዞሩ።

ያኔ የነበሩት ኃላፊ "ማነው ያጠፋው? ስም ስጠኝ!" ሲሏቸው ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "ከበሩ ጀምሮ ለሚያገለግሉን ሰዎች ምን እንደምንሠራ አንዲት ቃል ሳልናገር ሦስት ዓመት አለፍኩ። ምኑን አውቀው ይጠንቀቁ?"

የዚያኑ ዕለት እጄን ይዘው አጉሊ መነጽሩ ጋ አስቀመጡኝ። እንደ ጥላ የሳሳች ነገር አየሁ። "የምትጠብቂው ይኼን ነው" አሉኝ። ቅባቱን ጣልን፣ መደርደሪያውን አብረን አጠብን። ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት ማብሪያው ወርዶ ተነሳ፣ ወርዶ ተነሳ፣ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ ከመባረር አዳኑኝ፤ እሱ አንድ ነው። ግን እስከዚያ ቀን ልብስ አድል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አዲሷን የጽዳት ሠራተኛ አጉሊ መነጽሩ ጋ ወስጄ አሳየኋት። አላስፈቀድኩም፤ አለቃችን፣ ይቅር ይበሉኝ!

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ከእትዬም ጋር ይስጥዎ። ያን ቀን የእኔን ስም እንደሸሸጉልኝ፣ የእርስዎ ስም በሄዱበት ሁሉ በደግ ይነሳ!