ሰልፍ ላይ የተዘፈነው

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ 1986 ዓ.ም.። ከሰዓት በኋላ፣ የቀድሞው ኦርጋን ተጫዋችና ዘፋኝ ወንድይራድ ሬዲዮ በሚጠግንባት ሱቅ፤ በባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው የሟቹ ሲራክ እህት ስንዱ ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።)

ስንዱ፦ እና እምቢ አለ ብዬ ለእማማ ልንገራት?

ወንድይራድ፦ ሞቷል በያት።

ስንዱ፦ በየቀኑ በደጇ ስታልፍ እያየችህ?

ወንድይራድ፦ ዘፋኙን ነው ያልኩሽ። የቀረው ሬዲዮ ጠጋኙ ነው።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ እሁድ አፅሙን እንቀብራለን። አሥራ ስድስት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ ገና አሁን መውጣቱ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ።

ወንድይራድ፦ ለቅሶ ላይ የፈንክ ጭፈራ? ቄሱ በመስቀላቸው ነው የሚያባርሩኝ።

ስንዱ፦ የቄሱን ነገር እማማ ጨርሳለች። "ልጄ ሰርግ አላየም፤ እንደ ሙሽራ ልሸኘው" ስትላቸው እሺ አሉ።

ወንድይራድ፦ ከተማው ዘፋኝ ሞልቶታል። ለምን እኔ?

ስንዱ፦ ኦርጋኑ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ቀን ከጣቢያ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት አንተና እሱ አይደላችሁም? ሰባት ዓመቴ ነበር። ደጃችን ስታርፉ እማማ ሳጥኑን አይታ "የማን ሬሳ ነው?" ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ወንድይራድ፦ ሲራክ ሰክቶ አንዴ ሲያስጮኸው ደግሞ እሪ ብላ ወጣች! አይ እናትሽ።

ስንዱ፦ ሳቅክ።

ወንድይራድ፦ ሳላስበው ነው። እኔ እኮ ሚሲዮን ቤት መዝሙር ሳጅብ ያደግሁ ልጅ ነኝ። "ይሄን ጸሎትህን ወገብ አስነቅንቅበት" ያለኝ እሱ ነው። ስዘፍን ሰዉ ከወንበሩ የሚነሳው በድምፄ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያስነሳው የሲራክ ቤዝ ነው። ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ጅቡቲ... ያልጨፈረልን አልነበረም።

ስንዱ፦ ታዲያ እሱን መሸኘት እንዴት ይከብድሃል?

ወንድይራድ፦ በታሰረ በአራተኛው ቀን ያደረግሁትን ረሳሽው?

ስንዱ፦ አልረሳሁም። አደባባዩ ላይ ነበርኩ።

ወንድይራድ፦ ካድሬዎቹ የፍቅር ዘፈናችንን ግጥም ለሰልፉ ቀይረው ሰጡኝ። "ዓይንሽ" የነበረው ሁሉ "አብዮት" ሆነ። ዝፈን አሉኝ፤ ዘፈንኩ። እሱ "አልጫወትም" ብሎ የታሰረበትን ዘፈን እኔ በድምፅ ማጉያ ዘፈንኩት። ማጉያው እስከ እስር ቤቱ ድረስ ይሰማል። በሳምንቱ ወስደው ገደሉት።

ስንዱ፦ ጠመንጃ ደግነውብህ ነበር።

ወንድይራድ፦ በእሱም ላይ ደግነው ነበር። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ ኦርጋን ነክቼ አላውቅም። የሰው ሬዲዮ ስጠግን እንኳ ዘፈን ከመጣ ጣቢያ እቀይራለሁ።

ስንዱ፦ እኔም ጠልቼህ ነበር ጋሼ። መንገድ ላይ ሳይህ እሻገር ነበር።

ወንድይራድ፦ አይሽ ነበር እኮ። ደግ አደረግሽ።

ስንዱ፦ ትናንት አንድ ሽማግሌ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ፤ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ያወርዱ የነበሩ ናቸው። ከሲራክ ጋር አንድ ክፍል ታስረው ነበር።

ወንድይራድ፦ ተይ ስንዱ። አትንገሪኝ።

ስንዱ፦ የሰልፉ ቀን ድምፅህ በመስኮት ገባ። ሲራክ ብድግ አለ።

ወንድይራድ፦ ረገመኝ።

ስንዱ፦ "ወንዴ ተርፏል! ወንዴን አልገደሉትም!" ብሎ አለቀሰ። ከታሰረ ጀምሮ አንተን የጨረሱህ ይመስለው ነበር። ከዚያ ግድግዳውን እየመታ ቤዙን በአፉ ያዘልህ። እስክትጨርስ ድረስ።

ወንድይራድ፦ ውሸት ነው። እናትሽ ናት "እንዲህ በይው" ያለችሽ።

ስንዱ፦ እኔም አላመንኳቸውም። "እስቲ ያዚሙልኝ" አልኳቸው። ሰውዬው የሙዚቃ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ግጥሙ የላቸው፣ ዜማው የላቸው። ቤዙን ብቻ ነው የሚያውቁት። ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም... እማማ ጉልበታቸውን አቅፋ ቀረች።

ወንድይራድ፦ መሐሉ ላይ... ሲራክ አንድ ምት የሚዘልባት ቦታ ነበረች። ሁልጊዜ እንጣላባት ነበር።

ስንዱ፦ እሷን እሳቸውም ይዘሏታል።

ወንድይራድ፦ ዱም፣ ዱም፣ ዱ...

ስንዱ፦ ጋሼ? ኧረ አታልቅስ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ እሁድ ሰውዬውን አጠገቤ አስቀምጪልኝ። ቤዝ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።