የግንባሯ ነጭ

ደሴ፣ ትርንጎ ፀጉር ቤት፣ የሠርግ ዋዜማ፤ እትዬ ላቀች ጭንቅላታቸውን መታጠቢያው ገንዳ ላይ አስደግፈዋል፣ የወንድማቸው ሚስት ትርንጎ ፀጉራቸውን ቀብታ ከላያቸው ቆማለች።

ትርንጎ፦ ስንት ዓመት ሙሉ ልጄን «የማን እንደሆነች እንጃ» ሲሉ ኖረው፣ ዛሬ ደግሞ ለሠርጓ ፀጉሯን አጥቁሪ ይሉኛል?

ላቀች፦ ለእሷው ብዬ ነው! ግንባሯ ላይ እንደ ጥጥ የተለጠፈውን ነጭ ፀጉር የሙሽራው ዘመዶች ቢያዩ ምን ይላሉ? በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ትርንጎ፦ የለም?

ላቀች፦ የለም! ወንድሜ የዋህ ሆኖ ዝም ብሎ አሳደገልሽ።

ትርንጎ፦ ወንድምዎ አንድ ዓይኑ ሰማያዊ ነው።

ላቀች፦ እሱማ በረከት ነው! እናታችን ተስላ የወለደችው።

ትርንጎ፦ የእሱ በረከት፣ የልጄ ዲቃላነት። ጎሽ! የቆዳ ሐኪሙ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው አለኝ።

ላቀች፦ ሐኪም ስለ እኛ ዘር ምን ያውቃል?

ትርንጎ፦ እያንዳንዷ ሕዋስ፣ የጥፍሯም የአንጀቷም፣ ያንኑ ትእዛዝ ሙሉውን ይዛለች አለኝ። ጂን ይሉታል። ግን በራሱ አይሠራም። ፕሮቲን የሚሉት መጥቶ ላዩ ላይ ቁጭ ይልና «አንተ ሥራ፣ አንተ ተኛ» ይላል። ለዚያ ነው ጥፍር ላይ ፀጉር የማይበቅለው።

ላቀች፦ ካቦ በይዋ!

ትርንጎ፦ ተመስገን፣ ገባዎት! የቀለሙ ካቦ ሰነፍ ከሆነ፣ ልጁ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሶች ግንባር ወይ ዓይን ሳይደርሱ ይቀራሉ። ጉድለቱ አንዱን ዓይኑ ላይ ይወጣበታል፣ አንዷን ፀጉሯ ላይ። ሰነፍ ካቦ ደግሞ ይወረሳል።

ላቀች፦ ከአንቺ ወርሳው ነዋ!

ትርንጎ፦ የእርስዎን የግንባር ፀጉር በየወሩ በር ዘግቼ የማጠቁረው እኔ አይደለሁም እንዴ?

ላቀች፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል! የእኔ ጠባሳ ነው። በልጅነቴ ዘይት ፈሶብኝ ነው ብዬሻለሁ።

ትርንጎ፦ ብለውኛል። እኔ ጅሏም አምኜ ኖሬያለሁ። ሐኪሙ መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን ቢያሳየኝ፣ የእርስዎ ግንባር ቁርጥ!

ላቀች፦ አሁን ይኼን ነገ እንግዳ ፊት ልትዘባርቂ ነው? በይ ቀለሙን እጠቢልኝና ሻሼን አቀብይኝ። ልጅቷንም አጥቁሪያት።

ትርንጎ፦ ልጄ እንዳለች ነው የምትዳረው።

ላቀች፦ እንግዲያው አክስቷ ነሽ ወይ ቢሉኝ፣ አላውቃትም ነው የምለው!

ትርንጎ፦ ማንም አይጠይቅሽም።

ላቀች፦ «አይጠይቅሽም»? አንቺ አልሽኝ? እኔን?

ትርንጎ፦ አልኩሽ። ቀና በይና መስተዋቱን እዪ፤ ዛሬ የቀባሁሽ ማጥቆሪያ ሳይሆን የድሮውን ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ነገ ከልጄ ጎን ስትቆሚ፣ የማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም።