በሳሙና ታሽታ የመጣችው በርሜሌ

የበደለኝ ሰይድ ነው፤ እዚሁ መርሳ ጎረቤቴ የሆነው መካኒክ። ጦርነቱ ቧንቧችንን ሳያደርቀው በፊት የፋይበር በርሜሌን ተውሶኝ ነበር። ውሃ ሲጠፋ "አምጣ!" ብዬ ብጮህበት በሳሙና አሽቶ አመጣት። እጁን እንኳ በቅጡ የማይታጠብ ሰው በርሜል ሲያጥብልኝ ጠረጠርኩ። አጎንብሼ አሸተትኳት።

"አንተ፣ ቤንዚን ደብቀህባታል!"

"ቢሆንስ እማማ ፋጡማ? ፋይበር እኮ እንደ ድንጋይ ነው፤ ምንም አይሆንም።"

በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋት፣ ቤንዚኑ አላልቷት ኖሮ እንደ ራሰ ካርቶን ሰረጎደች። ምን ላድርግ፣ ሌላ ዕቃ የለኝም። ለልብስ ማጠቢያ እንኳ ትሁነኝ ብዬ ከወንዝ በአህያ ያስመጣሁትን ውሃ ሞላሁባት። ሲከብዳት ከወገቧ ተተረተረች፤ ውሃዬን ሁሉ መሬት ጠጣው።

"አብዝተውባት ነው" አለኝ፣ ሳያፍር።

"ዕድሜዋን ሙሉ እስከ አፏ ስሞላት አልኖርኩም እንዴ!"

በማግስቱ ጠዋት የተተረተረችውን እያንከባለልኩ ሰይድ ግቢ አስገባሁና እዚያ ቆማ ያገኘኋትን የሱን አዲስ በርሜል ይዤ ወጣሁ። "በል፣ ቤንዚንህን በዚያችኛዋ ሙላ፤ ድንጋይ ናት ብለሃል" አልኩት።