የተሸፈነ ስብራት

ሽማግሌው አናጢ በጤና ጣቢያው በር ላይ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷ እዚያው ነርስ ናት። እሳቸው የመጡት ሙያ ያስተማሩትን ሰው ሚስት፣ እጇ ተሰብሮ የተኛችውን፣ ወደ ባሏ እንድትመለስ ሊመክሩ ነበር።

ነርሷ መንገድ አልለቀቀችላቸውም። እሳቸውም ባልየው ሥራ እንደቀዘቀዘበት፣ መጠጥም እንዳበዛ፣ ሚስቱም ምላሷ እንደማያርፍ ዘረዘሩ። «እግርና እግርም ይጋጫል፣ ልጄ።»

«እግርና እግር ሲጋጩ ሁለቱም ያማቸዋል፣ ጋሼ። እሱን የቱ ጋ ነው ያመመው?»

ሽማግሌው ሊያልፉ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እሷ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች።

«ጠጥቶ እርስዎን መትቶ ያውቃል?»

«እኔን? ምን ቆርጦት!»

«ደንበኛ ሲሰድበውስ?»

«አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይላል እንጂ። እንጀራው እኮ ነው።»

«እንግዲያው መጠጡ አላሳተውም። ማንን ቢመታ ጠያቂ እንደሌለው ያውቃል። ችግርና መጠጥ ያባብሱታል፤ ሥሩ ግን ሚስቴ ንብረቴ ናት ማለቱ ነው። እኛም እሺ ማለታችን።»

«እኛ» ያለችው ወጋቸው። ዓምና ሚስቲቱ መኝታ ቤት ገብታ ብትቆልፍበት፣ ባልየው በሩን በእርግጫ ሰንጥቆት ነበር። የጠገኑት እሳቸው ናቸው። ስንጥቁን በሙጫ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ጎረቤት እንዳይለየው አድርገው ቀቡት፤ በእጃቸውም ሥራ ኮሩ። እሷን «ቻይው» አሏት። እሱን ምንም አላሉትም። ይህን ለነርሷ ሲናገሩ ዓይናቸው ከመሬት አልተነሣም።

እሷም አልገሠጸቻቸውም። ዝምታም ትምህርት እንደሆነ፣ ሰውየው ከመጋዝና ከመሮ ጋር ይህንንም ከእሳቸው እንደቀሰመ ብቻ ነግራ አስገባቻቸው።

ታማሚዋ ገና ስታያቸው ያበጠ ጉንጯን በሻርፗ ሸፈነች። «አባባ፣ እመለሳለሁ። እርስዎ አይድከሙ» አለች።

በዕድሜያቸው እንዲህ ያሳፈራቸው ቃል አልነበረም።

«አትመለሽም» አሉ። «ባለቤቴ ክፍል ታዘጋጅልሻለች። እኔም ያየሁትን ለፖሊስ እናገራለሁ።»

መቺ ጠያቂ እንዳለው ሲያውቅ እጁን ይሰበስባል፤ ሴት በቤቷ ሳትሳቀቅ ታድራለች፤ ልጅም ጉልበትን ከፍቅር ለይቶ ያድጋል ሲሉ አስረዷት። ይህን ሁሉ ግን ዓምና «ቻይው» ያላት ሰው ስለተናገረው ብቻ ልታምን አልቻለችም። «እስኪ ሲናገሩ ልስማ» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ያስጠራችው ፖሊስ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌው ወንበር ሲሰጣቸው እንቢ ብለው፣ ቆመው ቃላቸውን ሰጡ። የጀመሩትም ከራሳቸው ጥፋት ነው።