ላፕቶፔ የተከሰሰበት የመብራት ሂሳብ

የመብራት ሂሳቡ ጨምሮ የመጣ ዕለት፣ ቁስቋም ሰፈር ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘነቡ ደጃፌ ላይ ቆመው፣ «ወይ ላፕቶፑን ተው፣ ወይ ቤቱን ልቀቅ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ ማስረዳት ነፍሴ ነው። ቆጣሪው ጋ ወስጄ፣ «ይህች ቀይ መብራት ብልጭታዋ በፈጠነ ቁጥር ሂሳቡ ይሮጣል» አልኳቸው። ላፕቶፔን ነቀልኩ፤ መብራቷ ያው ናት። ፍሪጃቸውን ስነቅል ግን ረጋ አለች። ከፍቼ ባይ ውስጡ ባዶ!

«ምነው እትዬ፣ ምንም የለበትም እኮ?»

«በሁዳዴ ምን ይግባበት? ቆሞ እንዳይበላሽብኝ ነዋ!»

«ቢቆም አይበላሽም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው። ምክንያቱም...» ብዬ ሳልጨርስ ሳቃቸው መጣ።

«በቃ ገባኝ። እኛ እየጾምን እሱ ብቻውን ሲበላ ከረመ? እስከ ፋሲካ ይጹም! አንተም ግባና ላፕቶፕህን ሰካ።»