በበጋ የማይደርቀው ወንዝ

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ሕዝቡ በአንዴ ወጣና ከእናቴ ጋር መንገድ ላይ ተጠፋፋን። «ከተለያየን ሐይቅ ሂጂና ወንዙ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ጠብቂኝ» ብላኝ ነበር። ደርሼ ባይ፣ ክረምቱ ዳር ዳሩን ሁሉ ወንዝ አድርጎታል፤ ከየተራራው ነጭ ክር የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ሰው መጠየቅ አፍሬ ሁለት ቀን ካንዱ ወዳንዱ ስዞር አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሽማግሌ ጠሩኝ። ነገርኳቸው።

«እናትሽ ሐይቁን መቼ ነው የምታውቀው?»

«በጥር፣ ለንግሥ ስትመጣ።»

ሳቁ። «አይ የኔ ልጅ! በጥር የሚፈሰው አንድ ብቻ ነው፤ ይኼ ሁሉ የክረምት እንግዳ ነው። ነይ ታንኳው ላይ ውጪ!»

ውሃው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ በደመና ላይ የምንቀዝፍ መሰለኝ። ማዶ፣ ከሸንበቆው አጠገብ እናቴ ቆማለች። ሽማግሌው «እዚያው ቆዩ፣ መጣን!» ብለው ቢጮሁም አልሰማቻቸውም። ውሃ የምትፈራው እናቴ ከነነጠላዋ እስከ ወገቧ ገባች።